በሰው አገር የሚጋገር እንጀራ

ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ ምድር የሚቀመጥ ሰው አለባበሱን በጥቂት ወራት፣ አነጋገሩን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአገሬው ጋር ሲያስማማ ይታያል፤ አፉ የለመደውን ምግብ ግን፣ ዕድሜውን በሙሉ በዚያው ቢፈጅ እንኳ፣ ፈጽሞ ሲተው አይታይም። ይህን ለማረጋገጥ የሚሻ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ከሚመዘንበት ስፍራ አጠገብ ጥቂት ቢቆም ይበቃዋል። ወደ አሜሪካ የሚሄደው መንገደኛ የሚፈቀዱለት ሁለት ሻንጣዎች፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚይዙት፣ ከልብስና ከመጻሕፍት ይልቅ በበርበሬና በሽሮ፣ በበሶና በዳቦ ቆሎ፣ በቋንጣና በተነጠረ ቅቤ ተሞልተው ይመጣሉ፤ ክብደቱ ካለፈም ጫማና ካፖርት ይወጣል እንጂ እናት በእጇ ያዘጋጀችው በርበሬ አይወጣም።

እኔ ይህን ፍቅር ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ በዚያ ሻንጣ ውስጥ ያለው የእናት ድካምና ምርቃት መሆኑን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለምና። ዳሩ ግን በሻንጣ ብቻ የሚኖር ማዕድ ዕድሜው የላኪዋ እናት ዕድሜ መሆኑን ማሰብ ይገባል፤ እርሷ ስትደክም ይደክማል፣ እርሷ ስታልፍም አብሯት ያልፋል። ስለዚህ በባሕር ማዶ የሚኖር ወገናችን ከአገር ቤት የሚላክለትን እየጠበቀ ከመኖር ይልቅ፣ በተቀመጠበት ምድር የሚገኘውን እህልና ቅመም መርምሮ፣ ሙያውን በእጁ ይዞ፣ ለልጆቹም አስተምሮ፣ የአባቶቹን ማዕድ በዚያው ሊያቆመው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የምግብ ናፍቆት ከስደት ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በኦሪት ዘኍልቍ በ11ኛው ምዕራፍ እንደምናነበው፣ እስራኤል ከግብፅ ባርነት ነጻ ወጥተው፣ መናም ከሰማይ እየወረደላቸው ሳለ፣ በባርነት ቤት ይበሉት የነበረውን ዓሣና ሽንኩርት እያነሡ በየድንኳናቸው ደጃፍ አለቀሱ። በአንጻሩ ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ባልንጀሮቹ ወደ ባቢሎን በተማረኩ ጊዜ፣ በንጉሡ ማዕድ አንረክስም ብለው ሲቆርጡ፣ ከኢየሩሳሌም ስንቅ እስኪመጣላቸው ድረስ አልጠበቁም፤ በዚያው በባቢሎን ገበያ የሚገኘውን ጥራጥሬ በልተው፣ ውኃም ጠጥተው፣ ሕጋቸውን ጠበቁ፤ ፊታቸውም የንጉሡን ማዕድ ከሚበሉት ሁሉ ይልቅ አምሮ ተገኘ። በናፍቆት የሚያለቅሰውን መገሠጽ ልበ ደንዳናነት ነው፤ ነገር ግን ሕዝብን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሻግረው ዳንኤል የሄደበት መንገድ ነው።

ይህም መንገድ ብዙዎች እንደሚያስቡት የተዘጋ አይደለም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ ወይም የሎስ አንጀለስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው በፌርፋክስ ጎዳና የሚኖር ሰው፣ ጤፉንም፣ በርበሬውንም፣ ጌሾውንም ሳይቀር ከወገኑ ሱቅ ገዝቶ ይገባል። ነገር ግን ስደተኛ ሁሉ ዋሽንግተን አይኖርም፤ በጀርመን አንዲት ትንሽ ከተማ የሚማረው ተማሪ፣ በካናዳ ሜዳማ ክፍለ ሀገር በሆስፒታል የምትሠራው ነርስ፣ የሐበሻ ሱቅ ለማግኘት ግማሽ ቀን መጓዝ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ለእነዚህ የመጀመሪያው መጠጊያ የሕንዶች ሱቅ ነው። በዚያ ጥቁር አዝሙድ «ካሎንጂ»፣ ነጭ አዝሙድ «አጅዋይን»፣ አብሽ «ሜቲ»፣ እርድም «ሃልዲ» ተብለው በየከረጢታቸው ተደርድረው ይገኛሉ፤ የምስር ክኩ ያው የኛው ነው፤ የሽምብራው ዱቄት ግን ጥሬውን የተፈጨ ስለሆነ፣ በድስት ላይ ታምሶና ቅመም ገብቶለት ካልሆነ ሽሮ አይሆንም። ለበርበሬው ደግሞ የሜክሲኮዎች ሱቅ ይረዳል፤ ደርቆ የሚሸጠው ትልልቁና ቀዩ ቃሪያቸው ዘሩ ተራግፎ፣ ጥቂት በሙቀት ታምሶ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተደልዞ ሲፈጭ፣ መልኩም መዓዛውም ወደ ማረቆ በርበሬ ይጠጋል። አሜሪካ ለሚኖረው ደግሞ ጎመን አይቸግረውም፤ የአሜሪካ ጥቁሮች ከአያቶቻቸው የወረሱትና በየገበያው የሚሸጠው «ኮላርድ» የተባለው ቅጠል፣ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ሲሠራ ከጓሮ ጎመናችን ብዙም አይርቅም።

በእውነት የማይገኙት ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱም ኮሰረት፣ በሶብላና ኮረሪማ ናቸው። በኮረሪማ ፈንታ ብዙዎች ሄል ያገባሉ፤ ሆኖም ሄል ጠረኑ ይበረታል፣ ጣፋጭነቱም ስለሚያይል፣ እጅ ካልተሰበሰበ ወጡን ወደ ሻይ ይወስደዋል። እንግዲህ በሻንጣ መጫን የሚገባቸው እነዚህ ናቸው፤ ደረቅና ቀላል ናቸው፣ ጥቂቱም ለብዙ ጊዜ ይበቃል። ቋንጣና ቅቤ ግን ለላኪም ለተቀባይም ኀዘን ናቸው፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ መንገደኛ ከውጭ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዳይገባ ይከለክላልና፣ አሜሪካም የበሬ ቋንጣን በጉምሩክ ትወስዳለችና፣ እናት ሌሊቱን ስታዘጋጅ ያደረችው በአንድ ሠራተኛ እጅ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይገባል። ቅቤውም ቢሆን በየመደብሩ ከሚሸጠው ጨው የሌለበት ቅቤ በቀላሉ ይነጠራል፤ ቅቤውን ቅቤ የሚያደርገው አብሮት የሚነጠረው ቅመምና እሳቱን የሚቈጣጠረው እጅ ነው።

የዶሮ ወጥ ነገር ይህን በሚገባ ያስረዳል። የመደብሩ ዶሮ ለጋና ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይበታተናል፤ ለመጥበስ እንዲመች ተቈርጦ የሚሸጠውም የኛን የአሥራ ሁለት ብልት ሥርዓት አያውቅም። ስለዚህ ባለሙያዋ ሙሉዋን፣ ከተቻለም እንቁላል ጥላ የጨረሰች፣ ሥጋዋ የጠነከረ ዶሮ ፈልጋ ትገዛለች፤ ቆዳውን ገፍፋ፣ በየመገጣጠሚያው አጥንቱን ሳትሰብር ብልቱን ታወጣለች፤ በሎሚና በጨው ደጋግማ አጥባ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ትዘፈዝፈዋለች። የአሜሪካ ትልቅ ሽንኩርት ውኃው ይበዛል፣ ስኳሩም ይበዛል፤ እንደ አገር ቤቱ ቀይ ሽንኩርት ቶሎ አይደርቅላትም። እርሷ ግን ዘይት ሳታገባ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጋ፣ ድስቱን ሳትለቅ ታቁላላዋለች፤ የበርበሬው ቁሌት ተራውን እስኪያገኝ ድረስ ሰዓታት ያልፋሉ። በዚያ ድስት ውስጥ ከኢትዮጵያ የመጣው ነገር ተለቅሞ ቢቆጠር እጅግ ጥቂት ነው፤ ይሁን እንጂ የሚቀምሰው ሁሉ የዶሮ ወጥነቱን ሳይጠራጠር ይመሰክራል፤ ከኢትዮጵያ የመጣው ዋናው ነገር የሴቲቱ እጅ ነውና።

እንጀራውም እንደዚሁ ነው። ከአገር ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ተሸክሞ አሜሪካ የሚደርስ ሰው ምጣዱ አይሠራለትም፤ የኛ መብራት 220 ቮልት ሲሆን የእነርሱ 120 ነውና። ነገር ግን በዚያች አገር የሰፈሩ የኖርዌይ ሰዎች «ሌፍሰ» የሚሉትን ስስ ቂጣቸውን የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ አላቸው፤ ይህን መጋገሪያ የኛ እናቶች አገኙትና ምጣድ አደረጉት፤ ስፋቱ ከአገር ቤቱ ቢያንስም እንጀራው ዐይን አውጥቶ ይነሣበታል። የአንዱ ስደተኛ ሕዝብ መሣሪያ ለሌላው ስደተኛ ሕዝብ ማዕድ መሆኑን ሳስብ፣ የሰው ልጅ ኑሮ በመተጋገዝ የቆመ መሆኑን አያለሁ። የበለጠ የሚቸግረው ብርዱ ነው፤ በስቶክሆልም ወይም በሚኒያፖሊስ ክረምት የተቦካ ሊጥ ቀኑ ሲደርስ እንኳ ሳይነሣ፣ ተኝቶ ይቀራል። ይህንንም ባለሙያዎቹ መላ አግኝተውለታል፤ ቡሃቃውን ከቤቱ ማሞቂያ አጠገብ ያኖሩታል፣ ወይም እሳት በሌለበት ምድጃ ውስጥ መብራቱን ብቻ አብርተው ያሳድሩታል፤ ሲቦካም ከላይ ያቀረረውን ቢጫ ውኃ ደፍተው፣ ከሊጡ ቀንሰው አብሲት ጥለው፣ እንዳገራቸው ሥርዓት ይጋግራሉ። እርሾው ያለቀባት ከጎረቤቷ በትንሽ ብልቃጥ ትዋሳለች፤ በባዕድ ከተማ ስማቸውን እንኳ የማይተዋወቁ ሴቶች በእርሾ ምክንያት ቤተ ዘመድ ሆነው ኖረዋል።

እህል ብቻውን ሙያ ሳይከተለው ምን እንደሚሆን የጤፍ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ጤፍ ከሕዝባችን ብዛት ቀድሞ የተሰደደ እህል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1886 በለንደን የሚገኘው የኪው ንጉሣዊ የዕፀዋት ስፍራ ከኢትዮጵያ ያገኘውን ዘር ወደ ሕንድ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ ደቡብ አፍሪካ አከፋፍሎ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ዘሩን ወደደችው፣ በሰፊውም ዘራችው፤ ይሁን እንጂ የሚያቦካውና የሚጋግረው እጅ አብሮት ስላልሄደ፣ በኛ ዘንድ የንጉሥም የገበሬም ምግብ የሆነው ጤፍ በዚያ ለፈረስና ለከብት ድርቆሽ ሆኖ ቀረ። በአሜሪካ ግን ነገሩ የተለየ ነው፤ ዌይን ካርልሰን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ እንጀራን ያወቀ ሰው ነበርና፣ ወደ አገሩ ተመልሶ በአይዳሆ ጤፍ መዝራት ሲጀምር፣ እህሉን የሚገዙት፣ ሙያውንም የያዙት ኢትዮጵያውያን በየከተማው ይጠብቁት ነበር። መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2006 በአገር ውስጥ ዋጋው እንዳይንር ሲል ጥሬ ጤፍና ዱቄቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በከለከለ ጊዜም፣ የተጋገረ እንጀራ በአውሮፕላን እየወጣ፣ የአይዳሆው ጤፍም በዚያው እየታፈሰ፣ የስደተኛው ገበታ ሳይታጠፍ ቀረ።

ሙያን ችላ ማለት የሚያመጣውን አደጋ ደግሞ ከኔዘርላንድስ የተነሣው ክርክር አሳይቶናል። አንድ የዚያ አገር ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ የፈጠራ መብት ባለቤት ሆኖ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነገሩ አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ መብቱ በኔዘርላንድስ እንዳይጸና ፈረደ። እናቶቻችን በሺህ ዓመታት ልምድ ያካበቱት ዕውቀት በማንም ስም የሚመዘገብ ባዶ ሜዳ መስሎ የታየው፣ እኛ ዕውቀቱን ከቁም ነገር ቈጥረን ስላልጻፍነውና ስላላስተማርነው ነው።

በዚህ ነገር ላይ ከወገኖቼ ብዙዎች የሚያነሡት አንድ ተቃውሞ አለ፤ ይኸውም ጤፍ ያልሆነ እንጀራ እንጀራ አይደለም፣ በስንዴና በበቆሎ የተደባለቀውም የአባቶችን ማዕድ ያዋርዳል የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች አገራቸውን ከከተማው አዳራሽ ብቻ ያዩ ይመስለኛል። በሐረርጌና በወሎ ቆላ የማሽላ እንጀራ፣ በጎጃም የዳጉሳ እንጀራ፣ በደጋው የገብስ እንጀራ፣ በፎገራም ሩዝ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ የሚጋገረው እንጀራ ስንቱን ጀግናና ስንቱን ሊቅ አሳድጓል። አባቶቻችን ምድሪቱ የሰጠቻቸውን እህል በምጣዳቸው ላይ አክብረው ተቀብለዋል፤ ልጆቻቸውም በኦስሎ የገብስ ዱቄት፣ በቶሮንቶ የስንዴ ዱቄት ቢቀላቅሉ የአባቶቻቸውን አብነት ተከተሉ እንጂ አላፈረሱም። የሚያዋርደው ሌላ ነው፤ የተደባለቀውን ንጹሕ ጤፍ ነው ብሎ መሸጥ ያዋርዳል። ስንዴ የማይስማማቸው ሕሙማን ጤፍን አምነው እንደሚገዙ እየታወቀ፣ በመጠቅለያው ላይ እውነቱን አለመጻፍ በሕግም በእግዚአብሔርም ፊት በደል ነው።

በየአገሩ ያለው ወገናችን ችግርም አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984ና በ1991 በብዛት ወደ እስራኤል የተሻገሩት ቤተ እስራኤላውያን ጤፍ በሌለበት በስንዴ ዱቄት እንጀራቸውን ጋገሩ፤ በዚያ ያለው የሃይማኖት ሕግ ሥጋንና የወተትን ውጤት ስለማያቀላቅልም የዶሮ ወጡ ያለ ቅቤ በዘይት ይሠራል፤ ይህም ሆኖ ማዕዳቸው ማዕዳቸው ሆኖ ኖሯል። ይልቁንም ልብ የሚነካው በሪያድ፣ በኩዌትና በዱባይ በሰው ቤት የሚያገለግሉት እኅቶቻችን ነገር ነው። እነርሱ ቀኑን ሙሉ በማድ ቤት ይውላሉ፤ ዳሩ ግን ማድ ቤቱም፣ ድስቱም፣ ሰዓቱም የእነርሱ አይደለም፤ የሚቀምሙት የሌላውን አገር ሩዝ ነው። ለእነዚህ እኅቶች ከአገር ቤት የመጣች አንዲት ጥቅል በርበሬ ከምግብ በላይ ናትና፣ ሻንጣ ሊታሰብ የሚገባው ከሁሉ አስቀድሞ ለእነርሱ ነው።

ከምግቡ ጋር የጾሙም ሥርዓት መነሣት አለበት። ሰባቱን አጽዋማት ከረቡዕና ከዓርብ ጋር የሚጠብቅ ምእመን ከዓመቱ እኩሌታ ያህሉን ከሥጋና ከቅቤ ርቆ ይኖራል፤ በባዕድ አገር ደግሞ ጎረቤቱ ሲበላ፣ የሥራ ባልደረባውም ሲጋብዘው፣ ብቻውን መጾም አለበት። የጾም ወጥ አሠራር የማያውቅ ሰው በዐቢይ ጾም ደረቅ ዳቦና ድንች እየበላ ሰውነቱ ይጎዳል፣ ወይም ጾሙን ይተዋል። ክክ አልጫውን፣ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ተልባውንና ሱፍ ፍትፍቱን የሚያውቅ ግን ሁለት ወር ያህል ሳይሰለች ይጾማል። ስለዚህ የወጥ ሙያ በባሕር ማዶ የሃይማኖትም ጠባቂ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝ የልጆቹ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ ስላልነበራቸው ሙያቸውን በግድ ጠበቁ፤ የዛሬዎቹ ግን የተጋገረውን እንጀራ በላስቲክ፣ የተነጠረውን ቅቤ በብልቃጥ ይገዛሉ። ይህ ለደከመ ሠራተኛ ትልቅ እረፍት ነው፤ የሚጋግሩትም ወገኖቻችን እንጀራቸውን በላባቸው ያገኛሉና አይነቀፍም። ነገር ግን በዚያ ቤት የተወለደው ልጅ እንጀራ ከሱቅ መደርደሪያ የሚገኝ ነገር መሆኑን ብቻ ይማራል፤ ሊጥ ሲቦካ አላሸተተም፣ ሽንኩርት ሲቁላላ አልጠበቀም፣ ብልት ሲወጣ አላየም። እርሱ ሲያድግ መብላቱን ይወድ ይሆናል፤ ሠርቶ ማብላት ግን አይችልም፤ የእርሱም ልጅ መውደዱን እንኳ ያጣል።

ስለዚህ ጥቂት ነገር እንዲደረግ እለምናለሁ። በመጀመሪያ፣ በየከተማው ያለችው ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ጠበል ጸዲቅ የምታቀርብበት ማድ ቤት አላት፤ በዚያ የሚደክሙት እናቶች ዕድሜያቸው እየገፋ ነውና፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በተራ ተመድበው ከጎናቸው ይቁሙ፤ ዜማ እንደሚያጠኑ ሁሉ ማቡካትንም ያጥኑ። በመስጊዱም፣ በአገር ልጆች ማኅበሩም እንዲሁ ይደረግ። ሁለተኛ፣ «ዐይንሽ ያየውን ያህል ጨምሪ» ተብሎ የተላለፈው ትምህርት ለርቀት አይመችምና፣ ለስንት ኪሎ ሽንኩርት ስንት ማንኪያ በርበሬ፣ ለስንት ቅቤ ስንት ኮረሪማ እንደሚገባ እናቶች ሲሠሩ እየተመዘነ ይጻፍ፤ ጽሑፉም ልጆቹ በሚያነቡት ቋንቋ ጭምር ይሁን። ሦስተኛ፣ ወንድ ልጅ ማድ ቤት አይገባም የሚለው ልማድ ስንት ጎልማሳ በብርድ አገር በደረቅ ምግብ እንዲኖር እንዳደረገው አይተናልና፣ ወንዶቹም እንደ ሴቶቹ ይማሩ፤ በአገር ቤትም ልጁን ለትምህርት የሚልክ አባት፣ ከቪዛው ጋር ሽሮ ማንተክተክንና ቅቤ ማንጠርን አስተምሮ ይላክ። በመጨረሻም፣ ቅመም ወደ ውጭ የሚልኩ ነጋዴዎቻችን በርበሬው በአደራረቅና በአቀማመጥ ጉድለት ሻጋታ እንዳያገኘው ጠንቅቀው ቢጠብቁ፣ ስደተኛው ንጹሕ ዕቃ በቀጥታ ይገዛል፣ ገበሬውም ዋጋውን ያገኛል፤ ይህም በሻንጣ ከሚሄደው ይልቅ አገርን ይጠቅማል።

ሕዝብ ከምድሩ ርቆ ሕዝብ ሆኖ የሚኖረው በቋንቋው፣ በሃይማኖቱና በማዕዱ ነው። ለቋንቋው ፊደል የሚያስቈጥር መምህር እንፈልጋለን፤ ለሃይማኖቱም ካህን እንፈልጋለን፤ ለማዕዱ ግን የሻንጣ መምጣትን ብቻ እንጠብቃለን። ይህ አይበቃም። እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ፣ እጃቸውም ሳይዝል፣ ሙያቸውን ከእነርሱ ተቀብለን ለልጆቻችን ማስረከብ የኛ የአሁኖቹ ግዴታ ነው፤ ይህን ያደረገ ወላጅ ለልጁ በየትም አገር፣ በየትኛውም ገበያ የማያጣውን ርስት አወረሰው ማለት ነው።